ቴሌኖቬላና የአሜሪካ ቅጂዎቹ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄዎች

ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። የምሳ ክፍላችን ቴሌቪዥን ሁልጊዜ ስፓኒሽ ቻናል ላይ ነበር። ሪሞቱ ከኤል ሳልቫዶር በመጡ ሁለት ሴቶች እጅ ነው፤ ማንም ደፍሮ አይነካውም። መጀመሪያ ሰሞን ምሳዬን እየበላሁ ስልኬን ነበር የማየው። በሁለተኛው ወር አንዷ ክፉ ሴትዮ ሰው ከደረጃ ላይ ስትገፈትር «ውይ አንቺ እርጉም!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩ። ሁለቱ ሴቶች ዞረው አዩኝና ወንበር ሳቡልኝ። ይኸው ከዚያ ወንበር እስከ ዛሬ አልተነሳሁም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ቴሌኖቬላ፣ ማለትም ስለ ላቲን አሜሪካው ተከታታይ ድራማ፣ ጓደኛ ዘመድ የሚጠይቀኝ ያንኑ ስለሆነ አንድ ቦታ ልሰብስበው ብዬ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻቸውንም ስለማወራ «አታበላሺብኝ» የምትሉ ከአሁኑ ዝለሉ።

ቴሌኖቬላ ከሌላው ተከታታይ ድራማ በምን ይለያል?

ያልቃል።

ቀልድ አይደለም፣ ዋናው ነገር ይሄ ነው። አሜሪካኖች ቀን ቀን የሚያሳዩት «ሶፕ ኦፔራ» የሚባለው (ስሙ የመጣው ስፖንሰር ከሚያደርጉት የሳሙና ፋብሪካዎች ነው) ማለቂያ የለውም። «ጄኔራል ሆስፒታል» የተጀመረው በ1963 ነው፤ አሁንም አለ። አያት ጀምራው የልጅ ልጅ ታየዋለች። ቴሌኖቬላ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ይታይና ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ክፍል ገደማ ሄዶ «ግራን ፊናል» በሚሉት ታላቅ መጨረሻ ይዘጋል። በዚያ ቀን ሰርግ አለ፣ ክፉዋ ዋጋዋን ታገኛለች፣ የጠፋው ልጅ እናቱን ያገኛል። ተመልካቹ ይህን ቃል ተገብቶለት ነው የተቀመጠው። ስድስት ወር ሙሉ ግፍ ሲፈጸም የሚታገሠው ሒሳቡ የሚዘጋበት ቀን እንዳለ ስለሚያውቅ ነው።

ከየት ነው የመጣው?

ከኩባ፣ ያውም ከሬዲዮ። እዚያ በሲጋራ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኞቹ ትምባሆ ሲጠቀልሉ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኖ ልቦለድ የሚያነብላቸው ሰው ነበር። ያን የለመደ ጆሮ ሬዲዮ ሲመጣ ተከታታይ ታሪክ መፈለጉ አይገርምም። በ1948 ፌሊክስ ካይኜት የጻፈው የሬዲዮ ድራማ ደሴቲቱን በሙሉ በእንባ አጠባት ይባላል፤ በኋላ በየሀገሩ ለቴሌቪዥን ደጋግመው ሠርተውታል። ከአብዮቱ በኋላ ደራሲዎች ወደ ቬኔዝዌላና ወደ ማያሚ ሲሰደዱ ሙያውም አብሯቸው ሄደ።

ታሪኩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ወይ? ደሃ ልጅ፣ ሀብታም ልጅ፣ ክፉ እናት።

ነው። ምን ይደረግ? ሰርግ ስንጠራ ሙሽሮቹ እንደሚጋቡ እያወቅን አይደል የምንሄደው? ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ግን እናለቅሳለን። የቴሌኖቬላ ተመልካችም ልጅቷ እንደምታገባው በመጀመሪያው ቀን ያውቃል። የሚጠብቀው በየት በየት ዞራ እንደምትደርስ ነው።

ደራሲዎቹም አያፍሩበትም። በ1979 ሜክሲኮ የሠራችውና ቬሮኒካ ካስትሮ የተወነችበት «ሀብታሞችም ያለቅሳሉ» በ1995 «ማሪያ ላ ዴል ባሪዮ» ተብሎ ከታሊያ ጋር ዳግመኛ ተሠራ። ዓለም እንደገና ቁጭ ብሎ አየው። የመጀመሪያው ደግሞ ሶቭየት ኅብረት በፈረሰችበት ሰሞን ሩሲያ ውስጥ ሲታይ፣ ደሞዝና ዳቦ በጠፋበት ወቅት ማለት ነው፣ ሕዝቡ የዋናዋን ልጅ የማሪያናን ጉድ እየተከታተለ ከረመ። ርዕሱን አስቡት እንጂ፤ ለዚያ ጊዜ ሰው ከዚህ የተሻለ ምን ይባላል?

ክፉዎቹን ሴቶች ለምንድነው እንዲህ የምንወዳቸው?

ሥራ ስለሚሠሩ። ደጓ ልጅ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች፣ ትጠብቃለች። ታሪኩን የምትገፋው ክፉዋ ናት።

የሁሉም እናት ካታሊና ክሬል ናት፣ የ1986ቱ «ኩና ዴ ሎቦስ»፣ ማለትም «የተኩላዎች አልጋ»። አንድ ዓይኗን በጨርቅ ሸፍና ትሄዳለች። የእንጀራ ልጇ በልጅነቱ አጠፋብኝ ብላ ዕድሜውን ሙሉ በጸጸት አስራ ይዛዋለች። ዓይኗ ግን ደህና ነው። ደህና! ሽፋኑንም ከቀሚሷ ጋር እያስማማች ነው የምትቀያይረው። ይህን የጻፈ ሰው የሰው ልጅ በውለታና በበደል እንዴት እንደሚታሰር አሳምሮ ያውቃል። የመጨረሻው ክፍል በታየበት ምሽት የሜክሲኮ ሲቲ ጎዳናዎች ጭር ብለው ነበር ይላሉ።

ከዚያ «ማሪያ ላ ዴል ባሪዮ» ላይ ሶራያ አለች። ዊልቸር ላይ የተቀመጠችውን ልጅ እየጮኸች ስታጠቃት የሚያሳየውን ቁራጭ ቪዲዮ ድራማውን ጨርሶ ያላየ ሰው ሳይቀር ሶሻል ሚዲያ ላይ አይቶታል።

ሁሉም ሰው የሚያወራላት ቤቲ ማን ናት?

ቤቲ ላይ ጊዜ እወስዳለሁ፤ ይቅርታ።

«ዮ ሶይ ቤቲ፣ ላ ፌአ»፣ ወደ እኛ ሲመጣ «እኔ አስቀያሚዋ ቤቲ ነኝ»፣ በኮሎምቢያው አርሴኤን ጣቢያ ከ1999 እስከ 2001 የታየ ነው። የጻፈው ፈርናንዶ ጋይታን ነው፤ በ2019 አርፏል። ጊነስ በ2010 ከቴሌኖቬላ ሁሉ የተሳካለት ብሎ መዝግቦታል። ሕንድ፣ ሩሲያ፣ ጀርመን፣ ቻይና፣ እስራኤል፣ ግሪክ የየራሳቸውን ቤቲ ሠርተዋል።

ቤቲ ኢኮኖሚክስ በማዕረግ የተማረች፣ ቁጥር የሚታዘዝላት ልጅ ናት። ግን ወፍራም መነጽር፣ የጥርስ ሽቦ፣ የአያት የሚመስል ቀሚስ። በአራዳ ቋንቋ ፋራ። ያ ሁሉ ትምህርት እያላት ኢኮሞዳ በሚባል የልብስ ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ትቀጠራለች። ቢሮዋ ከፕሬዚዳንቱ ክፍል ጀርባ ያለ መስኮት የሌለው ዕቃ ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱ አርማንዶ ኪሳራውን ለመደበቅ ድርጅቱን በወረቀት ላይ በእሷ ስም ለተቋቋመ ኩባንያ ያስይዛል። አሁን ሀብቱ በሙሉ እጇ ላይ ነው። ብትከዳንስ ብለው አርማንዶና ጓደኛው ማሪዮ ይመክራሉ፤ ምክራቸውም «ፍቅር አስይዛት» የሚል ነው።

እዚህ ጋ ነው ጋይታን የሚገርመኝ። ማሪዮ ለሥራ ሊሄድ ሲል ለአርማንዶ አንድ ቦርሳ ትቶለት ይሄዳል። ውስጡ ለቤቲ የሚሰጡ ካርዶችና ትንንሽ ስጦታዎች አሉ። ከነሱ ጋር ደብዳቤ፤ ካርዱን መቼ ስጣት፣ ምን በላት፣ ስትስማት እንዴት ቻለው የሚል መመሪያ። በየሥድቡ መሃል። ቦርሳውን የምትከፍተው ቤቲ ናት። በዚያች ዕቃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብላ ታነበዋለች። ሙዚቃ ቀርቶ ትንፋሽ ነው የሚሰማው። እስከዚያ ድረስ የተቀበለቻቸው ካርዶች፣ በማስታወሻ ደብተሯ ላይ በፍቅር የገለበጠቻቸው ቃላት፣ የማን እንደነበሩ አንድ በአንድ ይገባታል።

ከዚያ አትጮህም። ቀናት ሙሉ ምንም እንዳላወቀች ሆና ካርዱንም ስጦታውንም ትቀበላለች። የቦርዱ ስብሰባ ሲደርስ ግን የተቀባባውን ሪፖርት ትታ እውነተኛውን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። በቃ። የአርማንዶ ዘመን በአንድ ጠዋት አለቀ። በቀሏን በቁጥር ነው የተወጣችው፤ ሂሳብ ሠራተኛ የሆናችሁ ይህን ክፍል ሁለቴ እዩት።

የአሜሪካኑ «አግሊ ቤቲ» ከዋናው ምን ቀየረ?

ቁጠሪ ከተባልኩ ብዙ ነገር። ኤቢሲ ላይ ከ2006 እስከ 2010 አራት ሲዝን፣ 85 ክፍል ሄደ። ሳልማ ሃዬክ ከፕሮዲዩሰሮቹ አንዷ ነበረች። አሜሪካ ፌሬራ በቤቲነቷ ጎልደን ግሎብም ኤሚም ወሰደች።

ቦጎታ ቀርቶ ኒውዮርክ ሆነ፤ የልብስ ድርጅቱ የፋሽን መጽሔት ሆነ። ቤቲ የኩዊንስ ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ቀን ሥራ የገባችው ደረቱ ላይ «ጓዳላሃራ» የሚል የተጻፈበት ቀይ ፖንቾ ለብሳ ነው። አባቷ ወረቀት የለውም። ይህቺ ለኔ ትልቋ ለውጥ ናት። ኮሎምቢያ ውስጥ ቤቲን ከሌላው የሚለያት መልክና መደብ ነው፤ አሜሪካ ሲመጣ ስደትም ተጨመረበት። የኢሚግሬሽን ጉዳይ ቤታቸው ውስጥ የገባ ሰው ያ አባት ስልክ ሲጠራ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ሌላው ፍቅሩ ነው። ኮሎምቢያ ላይ ቤቲና አርማንዶ ይጋባሉ፣ ልጅም ይወልዳሉ። አሜሪካ ላይ ቤቲ ለተሻለ ሥራ ለንደን ትሄዳለች፣ አለቃዋ የነበረው ዳንኤል ተከትሏት ይመጣና እራት ይጋብዛታል። እዚያው ያልቃል። በስክሪኑ ላይ የድራማው ርዕስ ይመጣና «አግሊ» የሚለው ቃል ይጠፋል፤ «ቤቲ» ብቻ ይቀራል። ባልደረቦቼ በዚህ ተናደዋል። «አራት ዓመት ጠብቄ ሰርግ የለም?» አለች አንዷ። እኔ ወደድኩት፤ ግን ንዴቷ ይገባኛል። የተገባላት ቃል ፈረሰባታ።

«ጄን ዘ ቨርጂን»ስ?

ከአሜሪካ ቅጂዎች ሁሉ ለኔ ትበልጣለች። መነሻዋ የቬኔዝዌላው «ሁዋና ላ ቪርኸን» ነው፣ 2002። አንዲት ድንግል ልጅ ሐኪም ተሳስቶ ለሌላ ሴት የታሰበውን ዘር ይሰጣትና ታረግዛለች። ጉድ ነው አይደል? የአሜሪካኑ ከ2014 እስከ 2019 ልክ 100 ክፍል ሠራና ተዘጋ።

የመጀመሪያውን ትዕይንት እዩት። አያት ለትንሿ ጄን ነጭ አበባ ትሰጣትና ጨምድጂው ትላታለች። ልጅቷ ትጨመድዳለች። አሁን ወደነበረበት መልሺው፤ አይመለስም። ድንግልናሽም እንዲሁ ነው። የኛ ሀገር አያት ሌላ ምሳሌ ትመርጥ ይሆናል እንጂ ስብከቱ ያው ነው። ያ አበባ በፍሬም ተሰቅሎ ዓመታት ይቆያል።

የሷ ብልሃት ቴሌኖቬላን እየቀለደችበት አለመሳቋ ነው። እንዴት ልበላችሁ። ተራኪው በየደቂቃው ጣልቃ እየገባ «አያችሁ እንግዲህ» ይላል፣ መንታ እህት አለች፣ የሞተ ባል ተመልሶ ይመጣል፣ የጄን የጠፋው አባት ራሱ የቴሌኖቬላ ኮከብ ነው። ይህንን ሁሉ ስታይ ትስቃለህ። ግን ባሏ ማይክል የሚሞትበት ክፍል ላይ ጄን ስልኩን ይዛ መሬት ላይ ስትወድቅ የሳቀ ሰው የለም። ደግሞ አያቷ በስፓኒሽ ትናገራለች፣ ጄን በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። እዚህ ሀገር ልጅ ያሳደገ ሐበሻ ቤት ውስጥ ይሄ በየቀኑ ያለ ነው፤ «ብዪ ኮትሽን ልበሺ» «አይ አም ናት ኮልድ፣ ማሚ»።

ያልተሳካላቸውስ አሉ?

አሉ። በ2006 ማይኔትወርክ ቲቪ የሚባል አዲስ ጣቢያ ተከፈተና ሁለት ቴሌኖቬላ በእንግሊዝኛ በየምሽቱ ማሳየት ጀመረ። ፎርማቱን አሟልተው ቀድተዋል፤ በየቀኑ፣ በ13 ሳምንት የሚያልቅ፣ ቆንጆ ቆንጆ ሰው። የሚያይ ጠፋ። በዓመቱ ሐሳቡን ተዉት።

ነገሩ ግልጽ ይመስለኛል። ርዝመቱን ቀዱ፣ ልቡን ጣሉ። ቤቲና ጄን ደግሞ በየቀኑ መታየቱን ትተው በሳምንት አንዴ አደረጉት፣ ግን አያቷን፣ አባቷን፣ ወጥ ቤቱን፣ ያለ እፍረት ማልቀሱን ይዘው መጡ።

«ዲቪየስ ሜይድስ» (ከሜክሲኮ) እና «ኩዊን ኦፍ ዘ ሳውዝ» (ከቴሌሙንዶው «ላ ሬይና ዴል ሱር») መሃል ላይ ናቸው። ሁለተኛውን ዕፅና ሽጉጥ የሚወድ ይየው፤ እኔ የስፓኒሹን ተዋናይት ኬት ዴል ካስቲዮን እመርጣለሁ።

ስፓኒሽ ካልቻልኩስ?

ይገባሃል። በተለይ የሜክሲኮዎቹ ንግግር ቀስ ያለና ጥርት ያለ ነው፤ ለብዙ ሀገር ስለሚሸጡት ነው። ሐሳባቸውንም ጮክ ብለው ለብቻቸው ይናገራሉ፣ ከመስኮት ውጭ እያዩ። ሜክሲኮ ውስጥ ተዋናዮቹ ጆሯቸው ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ይደረግላቸውና አንድ ሰው ቃሉን እያነበበ ያቀብላቸው ነበር፤ በቀን ብዙ ትዕይንት ስለሚቀረጽ ማን በቃሉ ይይዛል? ይህን ካወቅኩ ወዲህ አንዳንዱ ረጅም ትካዜ ለፍቅር ነው ወይስ ለጆሮው ማለት አልተውኩም።

ከቃና የቱርክ ድራማዎች ጋር አንድ ነው?

የአክስት ልጆች ናቸው። ቃና በ2016 ከተከፈተ ወዲህ አማርኛ የሚናገሩ ቱርኮች ቤታችን ገብተዋል። ግን የቱርኩ መጀመሪያ የሚሠራው በሳምንት አንዴ፣ ሁለት ሰዓት አካባቢ እየሆነ ነው፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል። ለዚህ ነው መተያየቱ የሚረዝመው። ቴሌኖቬላ በየቀኑ ስለሆነ ይሮጣል። የሚያስቀው አሁን እዚህ ያሉት የስፓኒሽ ቻናሎችም የቱርክ ድራማ ገዝተው በስፓኒሽ እያሳዩ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ሆና፣ ባልደረባዬ ቨርጂኒያ ሆና፣ ለኢስታንቡል ሰው ያለቅሳሉ።

ከኢትዮጵያ ጋር ሌላ የሚያገናኘው ነገር አለ?

አለ፤ ይህን ስነግራቸው የሚያምነኝ የለም። በ1969 ፔሩ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚባል ቴሌኖቬላ ጀመረች። ማሪያ ከገጠር ወደ ሊማ መጥታ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ትገባለች። ማታ ማታ ትማራለች። በሲንገር መኪና ልብስ ስፌት ለምዳ ትልቅ ሰው ትሆናለች። ድራማው በታየባቸው ሀገሮች የቤት ሠራተኞች ማታ ትምህርት ተመዘገቡ፣ የሲንገር ሽያጭም ጨመረ። እያንዳንዳችን ሰፈር ሲንገር ላይ የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ስለነበረ ይህ ታሪክ ሩቅ አይመስለኝም።

ሚጌል ሳቢዶ የሚባል የሜክሲኮ ፕሮዲዩሰር ይህንን አይቶ «ታዲያ ሆን ብለን ብንሠራውስ?» አለ። በ1975 ስለ ጎልማሶች ትምህርት፣ ከዚያ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ቴሌኖቬላ ሠራ። ዘዴው ዓለምን ዞረ። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው፣ 257 ክፍል የነበረው «የቀን ቅኝት» የተሠራው በዚሁ በሳቢዶ ዘዴ ነው። ስለ ኤችአይቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ነበር፤ አድማጮች በሺህ የሚቆጠር ደብዳቤ ጽፈውለታል። ሬዲዮ ከበን ያዳመጥን ሁሉ ሳናውቀው የማሪያ ዘመዶች ነን ማለት ነው።

የማትወጂው ነገር የለም?

ሞልቷል። ዋናዎቹ ነጣ ያሉ፣ ጠቆር ያሉት ደግሞ ወጥ ቤት። ይህ ለዘመናት ያልተለወጠ ነው። አርማንዶ በቤቲ ላይ የሠራው ዛሬ ቢሆን ፍርድ ቤት ነበር፤ እሷ ግን ይቅር ብላ ታገባዋለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ቤቲ ማማሯ ግድ ነው? ጭንቅላቷ አልበቃም? የአሜሪካው ቅጂ ይህን በመጠኑ አስተካክሏል፤ ሽቦውንም ያወለቁላት በአራተኛው ሲዝን ነው።

በየት ልጀምር? 300 ክፍል ማን ጊዜ አለው?

የኮሎምቢያው ቤቲ ከ300 ክፍል በላይ ነው፣ ግን አንዱ ክፍል ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ልብስ ስታጣጥፉ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ። አንድ ቀን ብታመልጣችሁ ምንም አይደል፤ ራሳቸው ይደግሙላችኋል። ሰብታይትል ማንበብ የሚሰለቸው ሰው በጄን ይጀምር።

ባለቤቴ ይስቅብኛል።

የኔም ይስቃል። ሳሎን በር ላይ ቡናውን ይዞ ቆሞ «አሁንም አላለቀም?» ይላል። እንዲቀመጥ ብለምነው እምቢ አለ፤ ከተቀመጠ አየ ማለት ነዋ። የቦርሳው ክፍል ሲደርስም እዚያው በሩ ላይ ነበር፣ ቡናው እጁ ላይ በርዶ። ቤቲን እስከ መጨረሻው ቆሞ ጨርሷታል።